ከዓምዱ ኋላ

ደንገል ሲኒማ ቤት፣ ከዘንባባው ጥላ፣
ከትኬት መስኮቱ፣ ከሽቦው በኋላ፣
ጋሼ ይርሳው አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
እጁን ብቻ አውጥቶ የሚቆርጥ ትኬት።
ስሙ ይርሳው እንጂ አንድም ሰው አይረሳም፤
ማን ዓይኑን ያመዋል፣ ማን ደረጃ አይወጣም፣
ማን ሳል ይዞት ዳር ዳር መቀመጥ ይፈልጋል፣
ማንስ ሲስቅ ጊዜ ወንበር ይደበድባል።

እኔ ደግሞ መጣሁ ላፕቶፕ ተሸክሜ፣
ከሲኒማው ጌታ ውል ተፈራርሜ፤
ሰልፉን ላጠፋ ነው፤ ሰዉ ቤቱ ቁጭ ብሎ
ፊልም መርጦ፣ ከፍሎ፣ ወንበሩን ነጥሎ
ማታ ሰተት ሊል ነው ስልኩን አንጠልጥሎ።

የመጀመሪያው ገጽ ለዓይኔ ማር ሆነልኝ፤
ሰማያዊ ጣና፣ ጥግ ላይ ታንኳ ሣልኩኝ፤
ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣
ቃሉ ስምንት ፊደል፣ ቁጥር ያስፈልገዋል፤
አንዲት ነጥብ ብትጎድል ገጹ በቀይ ይቆጣል።

ዓሣ ከሚገፈፍበት፣ ከሐይቁ ዳርቻ፣
ለእትዬ አትጠገብ ሰጠኋት ስልኬን ብቻ፤
ምክር አልጨመርኩም።
አውራ ጣቷ ላይ የቆሮሶ ቅርፊት ተጣብቆ ነበረ፤
መጀመሪያ የነካችው ታንኳዋን ነው፤ ምንም አልተቀየረ።
ደግማ ነካቻት። ታንኳዋ ጌጥ ናት፤ የትም አትሄድም።
«እንግዲህ ይህቺ ታንኳ ቀዛፊ የላትም»
ብላ ወደ ታች ወረደች፤ አያት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ፊልም ልይ ነው ልጄ፣ ወይስ ርስት ልካሰስ?» አለችኝ።

ያን ሌሊት አያትን አጠፋሁ፤ ኢሜይሉን አጠፋሁ፤
ታንኳዋን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን ሳሳሁላት፣ ከዚያ አጠፋሁ።
ስልክ ቁጥር ብቻ ቀረ፤
ገጹ ነፋስ ሳይነሣበት እንዳለው ጣና
ገላጣ ሆኖ አደረ።

ደሳለው ባጃጁን ዓባይ ድልድይ አፋፍ አቁሞ ሰው ሲጠብቅ፣
ሦስቴ ነክቶ ከፈለ፤ ኔትወርኩ አለ ድርቅ።
ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ፊቱ ይከስላል፤
«ብሬ የታለ?» ይላል።
የዚያን ለት ነው ያወቅኩት፤ ከቀለም፣ ከቅርጽ ሁሉ በፊት
አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ሰውን የሚያሳርፍ ከጭንቀት፦
«ገንዘብዎ አልተነካም። ወንበርዎ ተይዟል። ይጠብቁን።»
«ይጠብቁን» የምትለዋ ደግሞ ቆረቆረችኝ፤
«አሁን እንመለሳለን» እስክትሆን ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ።

ከዚያ የወንበር ካርታ። ሁለት መቶ አሥር ወንበር።
መ አሥራ አንድንና መ አሥራ ሁለትን ዓምድ ጋርዷቸው ነበር።
ግማሽ ፊልም ለማን ይሸጣል? ግራጫ ቀባኋቸው፤
«አይሸጡም» አልኳቸው።

ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ሰልፉ ጠፋ፤ ጥንዶች ግን መስኮቱ ሥር
አንገት ደፍተው ቆመዋል፣ ጠርዙን እየቧጠጡ በጥፍር።
«እነዚያን ሁለት ወንበሮች ምን በደሉሽ?» አለኝ ጋሼ ይርሳው።
«ፊልም አይታይማ!»
«ፊልም የጠየቀሽ ማነው?
ከዚያ ዓምድ ኋላ ስድስት ሠርግ በልቻለሁ፤
አንዱ ፈርሷል፤ እሱንም አስታርቃለሁ።»

ተመልሼ ከፈትኳቸው። «እይታው ይከለላል፤ ግማሽ ዋጋ» ብዬ ጻፍኩ፤
«ግማሽ ዋጋ?» አለ፤ «ልጁን ከልጅቷ ፊት አታዋርጂው!» ሰረዝኩ።
አሁን ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ ሐሙስም፣ ቅዳሜም።

አንድ ማታ እጁን በሽቦው ቀዳዳ እንደ ልማዱ አውጥቶ፣
የሚጨብጠው ብር አጥቶ፣
«እሺ፣ የእኔን እጅ የት አደረግሽው?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም።
ሌሊቱን ከገጹ ግርጌ አንዲት ትንሽ ክብ አስገባሁ፤
«ሰው ያናግሩ» ትላለች።
ስትነካ፣ ከመስኮቱ ውስጥ አሮጌ ስልክ ይጮኻል፤
ጋሼ ይርሳው ያነሳል፤ ሃሎ ሳይባል ሳሉን ይሰማል፤
«አንተ ነህ? ዳር ይዤልሃለሁ፤ ቀስ ብለህ ና፤
ዛሬ ደረጃው ላይ መብራት የለምና።»